20/40 ምንድን ነው? ግማሽ ዓይን ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደምሠራበት የዓይን ክሊኒክ መጡ። ዕድሜያቸው 76 ነው፤ የሚኖሩት እዚሁ ቨርጂኒያ። ከዲኤምቪ፣ ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ የመጣላቸውን የእድሳት ደብዳቤ አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ገና ሳይቀመጡ «ግማሽ ዓይኔ ሄዷል አሉ፤ ላይሰንሴን ሊወስዱት ነው» አሉኝ።

ማን እንዲህ እንዳላቸው ስጠይቅ ልጃቸው ስልኳን አወጣች። አንድ ሰው በቪዲዮ ያስረዳል። «20/40 ማለት ሃያ ለአርባ ሲካፈል ነው። ግማሽ ነው። 50 በመቶ እይታህን አጥተሃል። ዕድሜህ ከ75 ካለፈ ደግሞ በቃ፣ መንዳት የለም!» እኚህ እናት ይህን ሰምተው ሁለት ወር ሙሉ መኪናቸውን አልነኩም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው ሲያጡ ቤት ይውላሉ።

ይህን የ«ግማሽ» ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

20/40 የዓይናችሁ መቶኛ አይደለም። ሁለት ርቀቶች ጎን ለጎን ተጽፈው ነው። 20 እናንተ በዓይን ምርመራ ላይ ከምታነቡት ፊደል የራቃችሁበት ርቀት ነው፣ በጫማ ሲለካ፤ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። 40 ደግሞ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ያንኑ ፊደል ማንበብ የሚችልበት ርቀት ነው። እሱ ከ40 ጫማ የሚያነበውን እናንተ 20 ጫማ ድረስ ቀርባችሁ ታነቡታላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ተመርምራችሁ ከሆነ ወረቀታችሁ ላይ 6/12 ተብሎ ይሆናል የተጻፈው። ያው ነው፤ በሜትር ሆነ እንጂ። ይህን የፊደል ሰሌዳ ያዘጋጀው ኔዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1862። በ20 ጫማ ሰሌዳ ላይ የ20/20 መስመር ፊደል ቁመቱ 9 ሚሊሜትር አይሞላም። የ20/40ው ወደ 18 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ገጠር ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጎረቤት ከማዶ ሆና «ቡና ጠጡ!» ብላ ትጣራለች። የልጅ ልጅየው 40 እርምጃ ላይ ሆኖ ይሰማታል። አያትየው ለመስማት 20 እርምጃ ድረስ መቅረብ አለባቸው። ሲቀርቡ ግን ቃሏ አንድም ሳይጎድል ይደርሳቸዋል። እኚህን አያት «ግማሽ ጆሯቸው ጠፍቷል» የሚል ሰው አለ?

በቪዲዮ የሚያስረዳው ወንድማችን «ግማሹስ የት ሄደ ታዲያ?» ይለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግማሹ ያለው ርቀቱ ላይ ነው፤ እሱም ለሾፌር ቀላል ነገር አይደለም። የአውራ ጎዳና መውጫ የሚያሳይ ምልክት አስቡ። 20/20 የሚያይ ሰው ከ400 ጫማ ካነበበው፣ 20/40 የሚያይ ሰው ከ200 ጫማ ያነበዋል። በሰዓት 60 ማይል የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 88 ጫማ ይበላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሴኮንድ ከምናምን ነው። ሕጉ ይህን ያህሉን ይታገሣል። መቶኛ ካልተነገረኝ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ደግሞ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የጉዳት መመዘኛ ለ20/40 ከ100 የሚሰጠው 85 ነው። 50 የሚሰጠው ለ20/200 ነው። ልዩነቱን እዩት።

አሁን ወደ ዕድሜው። ቨርጂኒያ ውስጥ 75 የሞላው ሰው ላይሰንሱ አይወሰድም። የሚለወጠው የማደሻው መንገድ ነው። በአካል መቅረብ አለበት፣ ዓይኑን መታየት አለበት፣ የሚሰጠውም ላይሰንስ ቢበዛ ለ5 ዓመት ነው። የዓይን መስፈርቱ ግን የ30 ዓመቱ ጎረምሳም የ80 ዓመቱ አዛውንትም አንድ ነው፦ 20/40፣ በአንድ ዓይንም ቢሆን፣ በመነጽርም ቢሆን፤ ከዚህ ጋር 100 ዲግሪ የጎን እይታ። «በመነጽርም ቢሆን» የሚለው ላይ ልቁም። ሰዎች መነጽራቸውን ቤት ትተው ዲኤምቪ ይሄዳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ከዚያ «ዕድሜዬ ነው» ብለው ይመለሳሉ። ከ20/40 የወረደም ሰው ወዲያው በሩ አይዘጋበትም። እስከ 20/70 ድረስ፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላ፣ በቀን ብርሃን ብቻ የሚነዳበት ላይሰንስ አለ።

ሌላው ቦታ ሌላ ነው። ሜሪላንድ ሲታደስ የዓይን ምርመራ የምትጠይቀው ከ40 ዓመት ጀምሮ ነው። ዲሲ ከ70 ጀምሮ የሐኪም ማረጋገጫ ትፈልጋለች። ለዕድሜ ሲባል ብቻ መኪና አስነድታ የምትፈትነው ኢሊኖይ ናት። እዚያ ቺካጎ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ይዛችሁ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉትን እናታችሁን አታስደንግጧቸው።

ያልተጠየቅኩትን አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። 20/40 ማለፍ ማለት በደህና ማየት ማለት አይደለም። ሰሌዳው ነጭ ላይ ጥቁር ነው፣ ፊደሉ አይንቀሳቀስም፣ ክፍሉም ጸጥ ያለ ነው። ወደ ማዶዋ ጎረቤት ልመልሳችሁ። አየሩ ጸጥ ሲል ጥሪዋ ይሰማል። ነፋስ ሲነሳ ግን እዚያው 20 እርምጃ ላይ ቆመው አያት ምንም ላይሰሙ ይችላሉ። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው በማታ የመኪና መብራት ፊቱ ላይ ሲበተንበት እንደዚያ ነው። እኔ ጋ ቁጭ ብሎ 20/30 ያነብባል፣ ማታ ዝናብ ላይ ግን መስመሩን ያጣዋል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ደግሞ በአንድ ጎን ግንብ እንደ መሥራት ነው። ከፊት ያለውን ድምፅ ጥርት አድርጎ ያስገባል፤ ከጎን የሚመጣውን ይከልላል። ብዙ ጊዜ አያምም። ጥቁር ሕዝብ ላይ ደግሞ ይበረታል፣ ቀደም ብሎም ይጀምራል። ስኳር ያለበት ሰውም የደሙ ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል እይታው አብሮ ሊለዋወጥ ይችላል። የአንድ ቀን ቁጥር ይዞ መሄድ አይበቃውም።

እኚያ እናት መነጽራቸው የስድስት ዓመት ነው። በእሱ 20/60 አነበቡ። ሌንሱን ስቀይርላቸው የ20/40ውን መስመር ጨርሰው ወደ ታችኛው ወረዱ፣ 20/30። ልጃቸው ከኋላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የጎን እይታቸው ደህና ነው። ግራ ዓይናቸው ላይ የዓይን ሞራ መጀመሩን አይቻለሁ፣ ነግሬያቸዋለሁም። የዲኤምቪውን የዓይን ፎርም አዲሱ መነጽር ሲደርስ እሞላላቸዋለሁ። ፎርሙ 90 ቀን ካለፈው ስለማይቀበሉት፣ ከእድሳቱ ብዙ ቀድሞ ማሞላት ዋጋ የለውም።

«የሌሊቱን ማኅሌት ግን ልጅዎ ትውሰድዎት» አልኳቸው።

«እሱንማ ድሮም እፈራዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ሁለት ወር የቆመው መኪና ባትሪው ሞቶ እንደሆነ ጠየቋት።