የማኅበረሰብ ጥቅም ስምምነት ምንድን ነው?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢውን ለማስፋት ሲነሣ ፈቃድ የሚጠይቀው የከተማውን አስተዳደር ነው፤ አቧራውን፣ የመንገዱን መዘጋትና የቤት ኪራዩን ንረት የሚችለው ግን አጠገቡ ያለው ሰፈር ነው። የማኅበረሰብ ጥቅም ስምምነት የሚባለው በዩኒቨርሲቲውና በሰፈሩ መካከል የሚገባ ውል ነው። አስፋፊው ተቋም ሰፈሩን ከሚወክል አካል ጋር ተፈራርሞ፣ ለነዋሪው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣና መቼ እንደሚፈጽም በጽሑፍ ግዴታ ይገባል፤ ቃሉን ካጠፈም በፍርድ ቤት ሊከሰስ ይችላል።

ስምምነቱ ከካሳ ጋር መምታታት የለበትም። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገው ካሳና መልሶ ማቋቋም ይዞታውን ለሚለቅ ተነሺ የሚገባ መብት ነው። የማኅበረሰብ ጥቅም ስምምነት ግን ከዚህ አልፎ የማይነሣውንም ሰው ይመለከታል፤ ከአጥሩ ማዶ የሚቀረውን ተከራይ፣ በአካባቢው ሥራ የሚፈልገውን ወጣት፣ ልጇን በቅርብ ለማስተማር የምትሻውን እናት። እነዚህ ሰዎች በስማቸው የተመዘገበ ንብረት ስለሌላቸው የካሳ ሕግ አያያቸውም። የስምምነቱ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡን በተግባር ለማየት የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በምዕራብ ሃርለም፣ ማንሃታንቪል በተባለው ሰፈር ያደረገው መስፋፋት ጥሩ ማሳያ ነው። የሰፈሩ ጥርጣሬ ግን ከዚያ አስቀድሞ የጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዩኒቨርሲቲው የሕዝብ በሆነው በሞርኒንግሳይድ ፓርክ ውስጥ የስፖርት አዳራሽ መሥራት ጀምሮ ነበር። ፓርኩ ዓለታማ ቁልቁለት ሲሆን ዩኒቨርሲቲው ከላይ፣ ሃርለም ከታች ይገኛሉ። በንድፉ መሠረት ተማሪዎች ከላይ ባለው በር፣ የሃርለም ነዋሪዎች ደግሞ ከታች ባለው በር እንዲገቡ፣ ነዋሪዎቹም ከሕንፃው አነስተኛውን ክፍል ብቻ እንዲጠቀሙ ታስቦ ነበር። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ለነበሩት ነዋሪዎች የታችኛው በር ትርጉም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ተማሪዎችም ተቃውመው የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች ያዙ፤ ግንባታው ቆመ፣ በኋላም ተሰረዘ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዩኒቨርሲቲው 17 ኤከር፣ ማለትም 7 ሄክታር ገደማ በሚሆን ቦታ ላይ አዲስ ግቢ ለመገንባት ያለውን ዕቅድ ሲያስታውቅ፣ ነዋሪው ይህን አልረሳም ነበር። ቦታው መጋዘኖች፣ ጋራዦችና ነዳጅ ማደያዎች የነበሩበት ነው፤ ጥቂት መኖሪያ ቤቶችም ነበሩበት። ለዚህ ዓይነት ግንባታ የመሬት አጠቃቀሙ መለወጥ ስላለበት፣ ጉዳዩ በከተማው ሥርዓት መሠረት በየደረጃው መታየት ነበረበት፤ በመጀመሪያ የአካባቢው ሰዎች በሚቀመጡበት አማካሪ አካል፣ በማኅበረሰቡ ቦርድ፣ ቀጥሎ በክፍለ ከተማው ፕሬዚዳንትና በፕላን ኮሚሽኑ፣ በመጨረሻም በከተማው ምክር ቤት። ቦርዱ ለሰፈሩ የራሱን ዕቅድ አዘጋጅቶ ስለነበር የዩኒቨርሲቲውን ተቃወመ። ይሁን እንጂ የቦርዱ ድምፅ ምክር እንጂ ውሳኔ አይደለም። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. ለውጡን አጸደቀ።

ስምምነቱ የተፈረመው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት 2009 እ.ኤ.አ. ነው። ጠቅላላ ዋጋው 150 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 76 ሚሊዮኑ ለማኅበረሰብ ፈንድ፣ 24 ሚሊዮኑ አቅምን ላገናዘበ የመኖሪያ ቤት፣ 30 ሚሊዮኑ ለአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ 20 ሚሊዮኑ ደግሞ በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚሰጥ ነበር።

ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ጊዜው ግን ዘግይቷል። የሰፈሩ ትልቁ የመደራደር ኃይል ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ያለው ጊዜ ነበር፤ ድምፁ በተሰጠበት ዕለት በእጅ የነበረው ግን ዝርዝሩ ያልተሟላ የመግባቢያ ሰነድ ብቻ ነው። ፈቃዱን ያገኘ ተቋም ቀሪውን ሲደራደር የሚያጣው ነገር አነስተኛ ነው። በዚህ ረገድ ነዋሪዎቹ ያነሡት ቅሬታ ትክክል እንደነበር ይሰማኛል።

ሁለተኛው ችግር ሰፈሩን የሚወክለው ማን ነው የሚለው ነው። በስምምነቱ ላይ የፈረመው የምዕራብ ሃርለም የአካባቢ ልማት ድርጅት ለዚሁ ድርድር የተቋቋመ ሲሆን፣ በአባላቱ መካከል ከነዋሪዎች ሌላ የተመረጡ ባለሥልጣናትም ይገኙበት ነበር። ገንዘቡ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ የድርጅቱ አሠራር በግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተመርምሮ፣ ድርጅቱ ራሱ በሌላ ተተክቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውል በእጁ የገባ ሰው ከገንዘቡ መጠን አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው፣ ለሰፈሩ ማን እንደፈረመ፣ ያ ፈራሚ ለማን ሒሳብ እንደሚያቀርብና ውሉ ቢጣስ የመክሰስ መብት ያለው ማን እንደሆነ ነው።

ይዞታቸውን ለመሸጥ ፈቃደኛ ያልሆኑ ጥቂት ባለንብረቶች ጉዳይ በሌላ መንገድ ሄዷል። ግዛቲቱ ለሕዝብ ጥቅም በማለት የማስለቀቅ ሥልጣኗን ለዩኒቨርሲቲው እንድትጠቀም መፈቀዱን በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ ደረጃ ረትተው፣ በ2010 በግዛቲቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተረቱ። የማኅበረሰብ ጥቅም ስምምነት ለእነርሱ የሚያደርግላቸው ነገር አልነበረም፤ እነርሱን የሚመለከተው የካሳ ሕግ ነው።

ዛሬ በ125ኛው ጎዳና አጠገብ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት የብረት ቅስት ድልድይ አቅራቢያ የሚሄድ ሰው የሚያየው ግቢ አጥርም የግቢ በርም የለውም፤ አርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ የሕንፃዎቹን ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ ወለል በመስታወት ከልሎ ለመንገደኛው ክፍት እንዲሆን አድርጎ ነድፎታል።