የመኖሪያ ቤትና የግቢ አሠራር በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር አካባቢ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው በ1,850 ሜትር አካባቢ የሚያገኟት ከተማ ናት። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በኅዳር ጠዋት የደሴ ሰው ጋቢ ደርቦ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ የኮምቦልቻ ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ወደ ጥላ ይጎትታል። ይህም ሆኖ የቤት ፕላን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው፣ ከሁለቱም በፊት ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ እንዳለ ይኮረጃል። ደሴ ላይ ፀሐይ የማያገኝ ሳሎን፣ ኮምቦልቻ ላይ እንደ ምድጃ የሚግል መኝታ ቤት የሚበዛው በዚህ የተነሳ ነው።

ዳገትና ውሃ

በደሴ ብዙ ሰፈር ቤት መሥራት የሚጀምረው ዳገት በመቁረጥ ነው። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተኮለኮለች ስለሆነች ሜዳ ብርቅ ነው፤ የመሬት መንሸራተትም የታወቀ ችግሯ ነው። ለመንሸራተቱ ዋናው ምክንያት ውሃ ነው። ሸክላማ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ መያያዣው ይላላል፣ ከሥሩ የተቆረጠ እንደሆነም የሚደግፈው ያጣል። ቦታ ሲታይ መጠርጠር ያለበት ምልክት አለ፦ ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና የባሕር ዛፍ ግንድ፣ መሬት ላይ በአግድም የተሰነጠቀ መስመር፣ በበጋ ቄጠማ የሚያበቅል ማዕዘን። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚወደው ነው፤ «ግቢው ለምለም ነው» ይባላል። ከሥሩ ግን ምንጭ አለ፤ መሠረት ሊጣልበት አይገባም።

ከተቆረጠው ዳገት በላይ፣ ከድጋፍ ግንቡም በፊት፣ የውሃ መቀልበሻ ቦይ ይሠራል። 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለተራ ግቢ ይበቃል፤ ተዳፋቱ በሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቦዩ በድንጋይና በሲሚንቶ መለሰን አለበት። ያልተለሰነ ቦይ ውሃውን ከመሸኘት ይልቅ ወደ ዳገቱ ሆድ ያሰርገዋል፤ እንዲያውም ጨርሶ ባይቆፈር ይሻል ነበር። መጨረሻው የት እንደሚወጣ ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር ይታወቅ። ወደ ጎረቤት ጓሮ የሚወጣ ቦይ ችግሩን ቦታ ያስለውጠዋል፣ ክስም ይከተለዋል።

የድጋፍ ግንብ የታችኛው ስፋቱ ከቁመቱ ግማሽ ማነስ የለበትም፦ 2 ሜትር ለሚቆም ግንብ ከታች 1 ሜትር፣ አፈሩ ለስላሳ ከሆነ 1.20። መሠረቱ ጠንካራ አፈር ውስጥ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይገባል። ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ይሞላል፤ በግንቡም ውስጥ በየ1.5 ሜትሩ የ7 ወይም የ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይቀመጣል። ግንበኛ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጠጠር ስለሚወደድ ከተቆረጠው አፈር ራሱን ይሞላበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ግንቡ እንዲያምር ብሎ የቱቦውን አፍ በልስን ይደፍነዋል። ውሃው ከጀርባ ይጠራቀማል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ግንቡ ሆዱን ይነፋል፣ ከዚያ ይወድቃል። ከ2 ሜትር በላይ የሚቆም ግንብ በመሐንዲስ ይሰላ። ቦታ ከተገኘ ግን ከአንድ ረጅም ግንብ ሁለት አጫጭር ይመረጣሉ፤ የላይኛው የታችኛውን ቁመት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ያፈግፍግ። በመካከላቸው የሚቀረው እርከን ለጓሮ አትክልት ይሆናል፤ ከሳሎን መስኮት ሲታይም እንደ ግድግዳ አያፍንም።

የጣሪያ ውሃም ከዚሁ ይቆጠራል። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ የሚረጨውና የሚፈሰው ተቀንሶ እንኳ 1,000 ሊትር ያህል ይገኛል። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ በገዛ መሠረቱ ሥር ያፈሰዋል። አሸንዳው ወደ ሮቶ ከገባ ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውጭ ይለቀቅ፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ጠርጎ የሚመጣው እሱ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ይመዝናል፤ በድጋፍ ግንቡ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ ርቆ በአርማታ ላይ ይቀመጥ።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ሜዳው ላይ ውሃ አይሮጥም፣ ይተኛል። ወደ ቦርከና ወንዝ ዝቅ ባሉ ቦታዎች የቤቱ ወለል ከግቢው ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ግቢው ደግሞ ከመንገዱ ዝቅ አይበል።

በረንዳና መስኮት

ሁለቱም ከተሞች 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 56 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትቆማለች። ብርድ የሚጠናውም ያኔ ስለሆነ የደሴ ሳሎንና በረንዳ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢዞር ሙቀት በነጻ ያገኛል። ጦሳ በምዕራብ ስለቆመ ከሥሩ ባሉ ሰፈሮች ጥላው ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ምዕራብ የዞረ በረንዳ እዚያ ዋጋ የለውም። የጣሪያው ክፈፍ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በታኅሣሥ ቀትር ጥላው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ ከመስኮቱ የታችኛው ክፍል ፀሐይ ወደ ውስጥ ይገባል። ክፈፉን ለውበት 1 ሜትር ማድረግ ደሴ ላይ ሳሎኑን ማጨለም ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ያው 1 ሜትር ተገቢ ነው። ትልልቅ መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ ፊት ለፊት ተያይተው ንፋስ ያሳልፉ፤ የምዕራቡ ግድግዳ ግን መስኮት አልባ ይሁን፣ ወይም ማድ ቤትና መጸዳጃ በዚያ በኩል ይደርደሩ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር መውጫ ካላገኘ ሌሊትም ሙቀቱን ይለቃል፤ በሁለቱም ጫፍ ወንፊት የለበሰ ቀዳዳ ይተው። ደሴም ይህ ቀዳዳ ያስፈልጋታል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በብርድ ሌሊት የቤቱ እንፋሎት ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያንን ቡናማ እድፍ ብዙ ሰው ጣሪያ ያፈሰሰ ይመስለዋል።

ግድግዳና ወለል

ብሎኬት እየበዛ ቢመጣም በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት በሁለቱም ከተሞች ብዙ ነው። በወጉ ከተሠራ ለደሴ ብርድ ከብሎኬት ይሻላል። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ቋሚው እንጨት አፈር እንዳይነካ። ኮምቦልቻ ላይ ምስጡ ይበረታልና የቋሚው ግርጌ በተቃጠለ ዘይት ተነክሮ ይደርቃል። የምርጊቱ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት እየተረገጠ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ መሰንጠቁን ሳይጨርስ ሁለተኛው አይደረብም። በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተለጠፈ የሲሚንቶ ልስን በትልልቅ ቅርፊት ይረግፋል፤ ጭቃው በእርጥበት ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶው ግን አይከተለውም። የግድ ከተባለ የዶሮ ሽቦ በምስማር ተወጥሮ በላዩ ይለሰናል።

ሊሾ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ስላልጠጣ ነው፤ ለሰባት ቀን በየዕለቱ ይጠጣ። የበረንዳ ሴራሚክ ሸካራው ይመረጥ፤ ወለሉም ወደ ውጭ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘንብል። ለስላሳ ሴራሚክ ላይ የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ ስንት እንግዳ እንዳንሸራተተ ቤቱ ይቁጠረው።

ሳሎንና የቡና ቦታ

ወሎ ቤት ቡና የሚፈላው እንደ ጌጥ አይደለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሰዓታት ይወስዳል፣ ዱአና ምርቃትም ይታከልበታል። በፕላን ላይ ግን ለቡና ቦታ አይሰጥም፤ ሶፋው ሞልቶት ረከቦቱ መተላለፊያ ላይ ይቀራል። በሳሎኑና በበረንዳው መካከል፣ ከመስኮት አጠገብ፣ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ምንጣፍ የሌለበት ወለል ከመጀመሪያው ይተው። ጭሱም እጣኑም በመስኮቱ ይወጣል፣ ፍም ቢወድቅም ምንጣፍ አያቃጥልም። የድሮው መደብ ለዚህ የተፈጠረ ነበር፤ ዛሬ በእሱ ምትክ ግድግዳ ተከትሎ የሚዘረጋው መጅሊስ ከትልልቅ ሶፋ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቀምጣል፣ ለስግደትም መካከሉን ክፍት ይተዋል። ለውዱእ የሚሆን ቧንቧ ከበረንዳው ጥግ ቢወጣ መታጠቢያ ቤቱ አይጨናነቅም።

ደሴ ላይ የቡናውን ከሰል ለማሞቂያ ብሎ መኝታ ቤት ማስገባትና በር መዝጋት ይገድላል። ጭስ የሌለው ፍም ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚለቀው ጋዝ አይሸትምና።

ግቢው

ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለመውሊድ ድንኳን ስለሚተከል ከግቢው ቢያንስ 6 በ8 ሜትር ያህል ሳይተከልበት ይቆይ፤ ዛፉ ወደ ዳር ይውጣ። ባሕር ዛፍ ግን ዳርም አይተከል፤ ጓሮውን ያደርቃል፣ ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል።

ደሴ ላይ ውርጭ ከኅዳር እስከ ጥር ይጠበቃል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ የታችኛው እርከን ከላይኛው ይበልጥ ይመታል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ወደ ላይ፣ ከደቡብ ግድግዳ ሥር፣ ጎመንና ድንች ወደ ታች ይሁኑ። ኮክና ፕሪም ይስማማቸዋል። ፖም የሚተክል አናና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ዝርያዎች አብሮ ይትከል፤ አንዱ ሌላውን ያዳቅላል፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ አበባው ብዙ ፍሬው ጥቂት ይሆናል። ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ይመለስ። የተዳቀለበት ቋጠሮ፣ ማለትም የላይኛው ዝርያ ከሥረኛው ግንድ ጋር የተጋጠመበት ቦታ፣ ከአፈሩ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ይቅር፤ ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር አውጥቶ ዛፉ ከመጠን በላይ ያድጋል። ጤና አዳም፣ አሪቲና አደስ የማድ ቤቱ በር አጠገብ ቢሆኑ ለቡናውም ለቅቤውም ቅርብ ናቸው።

ኮምቦልቻ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ሎሚ ታበቅላለች። አቮካዶን የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው፤ ጥቁር አፈር ላይ ጉድጓድ ከመቆፈር 40 ሴንቲ ሜትር ጉብታ ሠርቶ በላዩ መትከል ይሻላል፣ ከግድግዳም ከ6 ሜትር ያላነሰ ይራቅ። ፓፓያ ወንድና ሴት ስላለው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይተከላል፤ ሲያብብ ሴቷ ትቀርና ሌሎቹ ይነቀላሉ፣ ለአሥር ያህል ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። ቡገንቪሊያ በአጥር ላይ ካላበበ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ ብዛት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ሲከለከል ያብባል።