ሪፈርቢሽድ ላፕቶፕ ምንድን ነው? ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ሪፈርቢሽድ ላፕቶፕ ማለት አንድ ጊዜ ተሽጦ ሰው ከተጠቀመበት በኋላ የተመለሰ፣ ተከፍቶ የተፈተሸ፣ የተበላሸው የተቀየረለት፣ የቀድሞ ባለቤቱ መረጃ ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ የተጫነበትና በድጋሚ ለሽያጭ የቀረበ ኮምፒውተር ነው። ከተራ ዩዝድ የሚለየው በመሃል በተሠራው ሥራ ብቻ ነው። ዩዝድ ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ ይሸጣል፤ ሪፈርቢሽድን ግን ባለሙያ አይቶታል ተብሎ ይታሰባል። «ይታሰባል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ስሙን ማንም ነጋዴ ለዕቃው መስጠት ይችላልና፣ ሥራው በእርግጥ መሠራቱን የሚያጣራው ገዢው ራሱ ነው።

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ሱቆች ውስጥ በዚህ ስም በብዛት የምናያቸው ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኢሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ናቸው። ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ለሠራተኞቻቸው በጅምላ ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ፤ ሦስት አራት ዓመት ሲሞላቸውና ዋስትናቸው ሲያልቅ ደህና እየሠሩም ቢሆን ባንዴ አስወጥተው በአዲስ ይተካሉ። እነዚያን የሚሰበስቡ ድርጅቶች አጽድተውና ፈትሸው «ኤ ግሬድ»፣ «ቢ ግሬድ» እያሉ ይሸጣሉ። ግሬዱ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ስለ መልኩ ነው፤ ጭረት አለው፣ የለውም። ስለ ባትሪው አንዳች አይነግረንም።

እኔ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ለመምህር የምመክረው ጥሩ ሪፈርቢሽድ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ የሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሴሌሮን የተባለ ደካማ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) እና 4 ጂቢ ራም (የተከፈቱ ሥራዎችን የሚይዝ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ያለው፣ ራሙም ቦርዱ ላይ ስለተበየደ ሊጨመርለት የማይችል ነው። ካርቶኑ ያምራል፤ ዊንዶውስና ጥቂት የክሮም ገጾች አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን ይንገታገታል። ላቲቲዩድ ወይም ቲንክፓድ በአንጻሩ ለቢሮ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው። የብዙዎቹ ሆድ በጥቂት ብሎን ይከፈታል፣ ኤስኤስዲው (ፋይሎች የሚቀመጡበት ክፍል) ይቀየራል፣ ኪቦርዱም ሆነ ማጠፊያው ሲሰበር መለዋወጫ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ሰው መጠገን መቻሉ ከአዲስነቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ጤፍ ሸጠው ለልጃቸው ላፕቶፕ ሊገዙ የመጡ አባት ሱቅ ሲገቡ ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ ኮር አይ7 ነው፣ ያኛው አይ5 ነው» ይላቸዋል። አይ7 የተባለው ሁልጊዜ የሚሻል ይመስላል። ነገር ግን ዋናው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ7-7600ዩ የሚል ቢሆን 7ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፤ አይ5-8250ዩ ደግሞ 8ኛ። ኢንቴል የተባለው ፕሮሰሰር አምራች በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው የ8ኛ ጀነሬሽን ቀጫጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ኮራቸው፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎቻቸው፣ ከሁለት ወደ አራት አድጓል። ስለዚህ ያ «አይ5» አራት ኮር አለው፣ «አይ7» የተባለው ሁለት ብቻ። ቁጥሩ አምስት አሃዝ ሲሆን፣ ለምሳሌ 10210ዩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይነበባሉ፤ 10ኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። እኒያ አባት በሬ ሲገዙ ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን ሳያዩ ገንዘብ አይቆጥሩም፤ የላፕቶፑ ጥርስ ይህ ቁጥር ነው። ሻጩ በቃል ከሚነግረን ይልቅ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለው ገጽ ላይ እንይ።

8ኛ ጀነሬሽንን መነሻ ማድረግ ሌላም ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ላይ ዊንዶውስ 11 በዘዴ የጫኑ ሱቆች አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ዝመናው (አፕዴቱ) እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት መጠቀም ለሚችል ሰው አሮጌውም በቂ ነው። ራም 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ 256 ጂቢ ካለው ለጽሑፍ፣ ለኤክሴልና ለጥናት ይበቃል። አርክቴክቸር ወይም ሲቪል ምሕንድስና ለሚማር ግን በ«ዩ» የሚያልቅ ፕሮሰሰር ከባድ የሦስት አቅጣጫ ሥዕል ላይ ይደክማል፤ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ይፈልግ።

ባትሪው ላይ ረጋ ብላችሁ ጊዜ ስጡት። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። የሊቲየም ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ መቀነሱ ተፈጥሮው ነው፣ ሦስት አራት ዓመት ቢሮ የሠራም ተዳክሞ ይመጣል። ሻጩ «አራት ሰዓት ይቆያል» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «powercfg /batteryreport» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍና ኢንተር መምታት ነው፤ ዊንዶውስ የባትሪውን ታሪክ የያዘ ገጽ ያወጣል። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተነጻጽረው ይታያሉ፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። 50,000 ሆኖ ተሠርቶ አሁን 40,000 የሚይዝ ከሆነ 80 በመቶው አለ፣ ይገዛል። 25,000 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሂሳቡ ይቀነስ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፤ በዚህ ሰዓት ሱቁ መብራት ከሌለው እንዲያውም ጥሩ ነው። ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከሆዱ አብጦ የሚወዛወዝ፣ ወይም መዳሰሻው ወደ ላይ የተነሣ ከሆነ ባትሪው አብጧልና ቤት አታስገቡት፤ በእሳት የሚያስፈራ ነገር ነው።

ቻርጀሩም ይታይ። ኦሪጅናል ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ በእኛ 220 ቮልት ያለ ምንም ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚለየው ሶኬቱ ብቻ ነው። ዴል ግን የማያውቀው ቻርጀር ሲሰካበት ባትሪውን ላይሞላ፣ ፍጥነቱንም ሊቀንስ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው አንዳንድ ገዢ ቤቱ ወስዶ የሚያገኘው መቆለፊያ ነው። ላፕቶፑ የአንድ የውጭ ድርጅት ከነበረና ድርጅቱ ከመዝገቡ ሳያስወጣው ከተሸጠ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ የዚያን ድርጅት የሥራ ኢሜይል ይጠይቃል። ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔት ከሌለ ይህ አይታይም፤ ሰውየው ሞጣ ወይም ቢቸና ሲደርስ ነው ጉዱ የሚፈላው። መፍትሔው ገንዘብ ሳትከፍሉ ከስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ ማገናኘትና ሻጩ ዊንዶውሱን ሪሴት አድርጎ እስኪያሳያችሁ መጠበቅ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ተጠባበቁት። ሲጀመርም ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ግቡ፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ያው ነው፣ ተዉት። የዊንዶውስ ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ ቦርዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል፤ «ክራክ ጭኜለታለሁ» የሚል ሻጭ ለምን እንዳስፈለገው ይጠየቅ።

ከአዲስ አበባ መርካቶ ልግዛ ወይስ ከከተማዬ? መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሆኖም ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት ስክሪኑ ቢበላሽ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ዋስትና መጠየቅ የዋጋውን ልዩነት ይበላዋል። ትንሽ ጨምሮ ከሚያውቁት ሰው መግዛት ይሻላል እላለሁ፣ ነገ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ «ወንድሜ፣ ይሄ እንዴት ሆነ?» ማለት ትችላላችሁና። በራሱ ቤት ጠጋኝ ያለው ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

ከተስማማችሁ ደረሰኙ ላይ፣ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር የተለጠፈው ሰርቪስ ታግ ወይም ሰርያል ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ ራሙና ኤስኤስዲው፣ የዋስትናው ጊዜና ዋስትናው ባትሪን እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር ይጻፍ። ያንኑ ሰርቪስ ታግ ወይም ሰርያል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ላፕቶፑ መጀመሪያ ከነበረበት ዋስትና ዘመን ዕድሜውን ታውቃላችሁ፤ ሻጩ «ሁለት ዓመት ነው የሠራ» ካላችሁና ድረ ገጹ ሰባት ካለ፣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።