የጉርጥ ሳንባ ትል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድቡልቡል ትል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ወስፋት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ የሚያጠና ተማሪም የዚህን ወገን አካል የሚለምደው አብዛኛውን ጊዜ በወስፋት ሥዕል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ያንኑ ሥዕል ይዞ ወደ ጉርጥ ሳንባ ሲሻገር ነው። በጉርጥና በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ የሚኖረው ትል ራብዲያስ ይባላል። ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሴቴ ወስፋት ግን ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ልዩነቱ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታየው ጥቁር መስመር የደም ሥር ነው»

አንጀቱ ነው። ትሉ የሚኖረው የሳንባውን ደም እየጠጣ ነው፤ የጠጣው ደም ሲፈጭ ይጠቁርና በስሱ ልባሱ በኩል ወደ ውጭ ይታያል። ትሉ ጥንት ይጠራበት የነበረው «ኒግሮቬኖዛ» የሚለው የላቲን ስምም «ባለ ጥቁር ሥር» ማለት ስለሆነ አንባቢን ያሳስታል። ድቡልቡል ትል ልብም የደም ሥርም የለውም። በአካሉ ግድግዳና በአንጀቱ መካከል ያለው ፈሳሽ ነው ምግቡን የሚያዳርሰው።

ከጥቁሩ መስመር አጠገብ የሚታየው ነጣ ያለ ክፍል በእንቁላል የተሞላው ማሕፀን ነው። ማሕፀኑ ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ራስ ሌላው ወደ ጅራት ይዘረጋል፤ የሚገናኙትም ከሰውነቱ መካከል አካባቢ ባለው የብልት ቀዳዳ ላይ ነው። የወስፋት ቀዳዳ ግን ከራስ በኩል ሲለካ ሲሶው ላይ ነው። ራብዲያስ ላይም እዚያው ሲሶው ላይ የሚፈልግ ሰው ሌንሱን ሲያዟዙር ይውላል እንጂ አያገኘውም።

«ወንዴዎቹም እዚያው ሳንባ ውስጥ አሉ፤ በደንብ ስላልተፈለጉ ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ሳንባ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትል ቅርጹ የሴቴ ቢሆንም ወንዴም ሴቴም ነው። የመራቢያ እጢው መጀመሪያ የወንድ ዘር ያመርታል፤ ዘሩ ይከማቻል፤ ከዚያ ያው እጢ እንቁላል ማምረት ይጀምርና እንቁላሉ በተከማቸው ዘር ይጸነሳል። ስለዚህ አንድ ትል ብቻውን ቢገባም ይራባል። በማይክሮስኮፕ ጅራት ያለው ዘር የሚፈልጉም አሉ፤ የድቡልቡል ትል ዘር ጅራት የለውም፣ እንደ አሜባ ነው የሚሳበው።

ወንዴ ያለው አፈር ውስጥ ነው። የራብዲያስ እንቁላል ሲጣል እጩ (ገና ያላደገው ትል) ውስጡ ተሠርቶ አልቋል፤ የወስፋት እንቁላል ግን ገና ያልተከፋፈለ ሕዋስ ይዞ ነው የሚወጣው። እንቁላሉ በአየር ቧንቧ ወደ ጉርጡ አፍ ይወጣል፣ ይዋጣል፣ በአንጀት ያልፋል፤ እጩም ከዓይነ ምድር ጋር ወደ እርጥብ አፈር ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያ እየበላ ያድግና ወንዴና ሴቴ ተለይተው የሚታዩበት ሌላ ትውልድ ይሆናል። ይህን የትውልድ መፈራረቅ በ1865 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ጊሰን ከተማ ሩዶልፍ ሎይካርትና በእርሱ ዘንድ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ደረሱበት፤ «ማን ቀደመ» በሚልም ተጣሉ። ሜችኒኮፍ በኋላ በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው።

የሁለቱ ትውልዶች ጉሮሮ አይመሳሰልም። የአፈሩ ትል ጉሮሮ ወገቡ ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይ መዝጊያ ያለው ኳስ መሰል እብጠት አለው። የሳንባው ትል ጉሮሮ ግን ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ ዱላ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ነው ቢል አይፈረድበትም።

የአፈሯ ሴቴ እንቁላሏን አትጥልም። ጥቂት እጮች ሆዷ ውስጥ ተፈልፍለው የውስጥ አካሏን ይበሉታል፤ የሚቀረው ልባሷ ብቻ ነው። ውስጡ እጭ የሚላወስበትን ይህን ቀፎ «የሞተ ትል ነው» ብሎ መጣል ዋናውን ነገር መጣል ነው። ወደ ጉርጡ የሚገቡት እነዚህ እጮች ናቸው፤ የሚገቡትም ቆዳ በስተው ነው። «ጉርጡ እንቁላሉን ውጦ ነው የሚያዘው» የሚለውም ከወስፋት የተወሰደ ስሕተት ነው።

«ሽብሽብ ስላለው እንደ መሬት ትል ባለ ቀለበት ነው»

የራብዲያስ ልባስ በብዙ ዝርያዎች ላይ ላላ ብሎ ያበጠ ነው፤ ስለዚህ ይሸበሸባል። ሽብሽቡ ላይ ላዩን ብቻ ነው፣ ውስጡን የሚከፋፍል ግድግዳ የለም። ጡንቻውም ቁመቱን ተከትሎ የተዘረጋ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን የሚያጠብቅ የቀለበት ጡንቻ ስለሌለው እንደ መሬት ትል መኮማተርና መርዘም አይችልም፣ ይጥመለመላል እንጂ። አንድ የሚያስደንቅ ነገር፦ በእኛ አካል ነርቭ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ በድቡልቡል ትል ግን ጡንቻው ራሱ ክንዱን ወደ ነርቩ ይዘረጋል።

«በቧንቧ ውሃ አጥቦ ፎርማሊን ውስጥ መጨመር ይበቃል»

ትሉን ሳይበሰብስ አቆይቶ በማይክሮስኮፕ ለማየት ሲፈለግ ብዙዎች በማቆያው ፈሳሽ በፎርማሊን እንዲህ ያደርጋሉ፤ ትሉን የሚያበላሸውም ይህ ነው። የትሉ ውስጥ በግፊት የተወጠረ ነው፤ ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይስብና ይፈነዳል፤ አንጀትና ማሕፀን በቀዳዳው ይወጣሉ። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 6.5 ግራም ጨው አሟሙና ሳንባውን እዚያ ውስጥ ክፈቱ። ትሉን በወረንጦ አትያዙ፤ በቀጭን ብሩሽ አንሱት።

ቀዝቃዛ ፎርማሊን ውስጥ የገባ ትል ተጠቅልሎ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ርዝመቱንም የቀዳዳውን ቦታም መለካት አይቻልም። ቀጥ ብሎ እንዲሞት ትኩስ 70 በመቶ አልኮል አፍስሱበት። 96 በመቶ አልኮል ካላችሁ 73 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በተጣራ ውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። አልኮሉ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ በሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አልኮልም ቀድሞ ስለሚፈላ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ መመሪያ እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ቀጥሎ ትሉን 95 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ አልኮልና 5 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ውስጥ አድርጉ፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ አቧራ የማይደርስበት ቦታ ለቀናት ተዉት። አልኮሉ በዝግታ ተንኖ ግሊሰሪኑ ሲቀር ትሉ እንደ መስተዋት ጠርቶ ይታያል፤ ቀለም አያስፈልገውም። ትሉን በአንዴ ንጹሕ ግሊሰሪን ውስጥ መጨመር ግን አያዋጣም፤ ግሊሰሪኑ ሳይገባ ውሃው ስለሚወጣ አካሉ ይጨማደዳል።

«ጉርጥ ውስጥ የተገኘ ትል ሁሉ ያው ነው» ማለትም ልክ አይደለም። አንጀት ውስጥ ሌሎች ድቡልቡል ትሎች ይኖራሉ፤ ሳንባ ውስጥም ጠፍጣፋ ትል ይገኛል። ራብዲያስ መኖሩን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ጉርጡን መግደል አያስፈልግም፤ ዓይነ ምድሩን በእርጥብ ወረቀት ላይ ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ዝርግ የቤተ ሙከራ ሳህን) ውስጥ ብታቆዩት በጥቂት ቀናት የአፈሩን ትውልድ ታያላችሁ።

ስም ሲጻፍም ጥንቃቄ ያሻል። ራብዲያስ ቡፎኒስ የአውሮፓ ዝርያ ነው፤ በአፍሪካ ጉርጦች ላይ ሌሎች ተገልጸዋል፣ ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ራብዲያስ አፍሪካነስ። ከቀበና ወንዝ ዳር ለተያዘ ጉርጥ ትል «ራብዲያስ» ብቻ ብላችሁ፣ ከየትኛው ጉርጥና ከየትኛው አካል እንደወጣ፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። በእርሳስ ይጻፍ፣ ወረቀቱም ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።