ማዕድን ምህንድስና፦ ድንጋይ መቼ ነው ማዕድን የሚሆነው?

"ማይኒንግ ነው የማጠናው" የሚል ተማሪ ሰፈር ውስጥ ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንዱ "ታዲያ ወርቁን መቼ ነው የምታመጣልን?" የሚል ነው። ሌላው "ጂኦሎጂ ማለት ነው አይደል?" ይላል። የመጀመሪያው በሳቅ ይታለፋል። ሁለተኛው ግን መልስ ይፈልጋል። ጂኦሎጂስቱ ማዕድኑ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደተፈጠረና ምን ያህል እንደሚሆን ያጠናል። የማዕድን መሐንዲሱ ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሳይጎዳ፣ ገንዘብም ሳይባክን ያንን ነገር ከመሬት ማውጣት የእሱ ፋንታ ነው።

ሙያው በትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ቆይቷል። ጀርመን ፍራይበርግ ያለው የማዕድን አካዳሚ የተከፈተው በ1765 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም ያስተምራል። እኛ ጋ ግን ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣል። የአክሱም ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ፋኩልቲ ያለው ሽሬ ካምፓስ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የካምፓሱ መማሪያ ክፍሎች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር።

ትምህርቱ አምስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ኮርስ ይወስዳል። ከዚያ ዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። ሶፍትዌርና ኤሌክትሪካልን ከላይ ሞልቶ ማይኒንግ የደረሰው ተማሪ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም። ብዙውን ጊዜ ሐሳቡን የሚያስቀይረው አንድ የሂሳብ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ድንጋይ መቼ ነው ማዕድን የሚሆነው? እንበልና በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 2 ግራም ወርቅ አለ። ቶን ማለት 10 ኩንታል ነው። ከ10 ኩንታል ድንጋይ የሚገኘው ለአንዲት ቀጭን ቀለበት የሚበቃ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ወርቅ ያለበት ድንጋይ ብቻውን አይቀመጥም። ባዶ ድንጋይ ተጭኖታል። ለአንድ ቶን ማዕድን 6 ቶን ባዶ ድንጋይ መነሳት ካለበት፣ ለዚያች ቀለበት 7 ቶን ተንቀሳቅሷል። ተማሪዎቹ ይህንን የ6 ለ1 የባዶ ድንጋይና የማዕድን ምጣኔ ስትሪፒንግ ሬሾ ይሉታል። ናፍጣው፣ ጎማው፣ ፈንጂው፣ ደመወዙ ሁሉ ተደምሮ ከወርቁ ዋጋ ከበለጠ፣ ያ ድንጋይ ድንጋይ ነው። የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ትናንት የተጣለው ክምር ዛሬ ማዕድን ሊባል ይችላል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተቀየረው ገበያው ነው። ለእኔ የትምህርቱ ሁሉ ልብ እዚህ ጋ ነው።

ሂሳቡ እንዲሠራ መጀመሪያ ድንጋዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥልቅ ቁፋሮ እንደ ዱላ ድብልብል ሆኖ የሚወጣ ናሙና አለ፤ ኮር ይባላል። ሳጥን ላይ በተርታ ይደረደራል። ተማሪው ሜትር ይዞ ይቀመጥና 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ቁርጥራጮች ብቻ ይደምራል። ድምሩን ለተቆፈረው ርዝመት ሲያካፍል የሚያገኘው መቶኛ አርኪውዲ (RQD) ይባላል፤ የድንጋዩ ጥራት መለኪያ ነው። ለምሳሌ 1.5 ሜትር ከተቆፈረው ውስጥ 38፣ 25፣ 8፣ 17፣ 6 እና 31 ሴንቲሜትር ተገኘ፤ የቀረው ፍርስራሽ ነው። 8ና 6 ይጣላሉ። የቀሩት 111 ይሆናሉ፤ ውጤቱም 74 በመቶ ነው። ድንጋዩ "መካከለኛ" ተባለ። ግን 8ቷ እና 17ቷ መሬት ውስጥ አንድ ሆነው ኖረው፣ ሠራተኛው ሳጥን ውስጥ ሲያስገባ የሰበራቸው ቢሆኑስ? ያኔ እንደ አንድ 25 ይቆጠራሉ። ውጤቱ 79 ይሆናል፤ ድንጋዩም "ጥሩ" ውስጥ ገባ። ስብራቱ የተፈጥሮ ይሁን የሰው እጅ ለመለየት ገጹን አገላብጦ ማየት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ መምህራን የሚጮሁት በዚህ ነው።

ይህ ቁጥር ማዕድኑ የሚወጣበትን ትልቅ ጉድጓድ ግድግዳ ተዳፋት ለመወሰን ከሚያስፈልጉት አንዱ ነው። ጥልቀቱ 200 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ግድግዳው በ45 ዲግሪ ከሚቆረጥ በ50 ቢቆረጥ፣ በእያንዳንዱ ሜትር የግድግዳ ርዝመት ከ3,200 ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ ሳይነሳ ይቀራል። ብዙ ገንዘብ ነው። ድንጋዩ ካልቻለው ግን ግድግዳው ይናዳል። ባለሀብቱ ቀጥ ያለውን ይወዳል፤ መሐንዲሱ ደግሞ እንቅልፉን።

የፍንዳታው ኮርስ ከሁሉም በላይ ተማሪ ይስባል። ድማሚት የሚለው ቃል ብቻውን ያነቃል። ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ጂኦሜትሪ ነው። ፈንጂው በሚሞላባቸው ቀዳዳዎች መካከል ስንት ሜትር ይኑር፣ አፋቸው በምን ይደፈን፣ የቱ ከየቱ በስንት ሚሊሰከንድ ይዘግይ። ድንጋዩ ትልልቅ ሆኖ ከወጣ የድንጋይ መፍጫው ማሽን፣ የክሬሸሩ አፍ ላይ ይቀረቀራል። ከደቀቀ ደግሞ ገንዘቡ በነነ።

ከመሬት በታች ሲገባ አየርም ኮርስ ይሆናል። የድንጋይ ከሰል ዋሻ ውስጥ ሚቴን የተባለው ጋዝ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል፤ ስለዚህ ንጹሕ አየር በስሌት ይገፋል። የጣሪያ ድጋፍም እንዲሁ። ወሎ ውስጥ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ የሚፈልጉ ወጣቶች ገደሉን ወደ ጎን በዶማ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ያ ሥራ መሐንዲስ ሳያየው የሚሠራ የመሬት ውስጥ ማዕድን ነው፤ ሲናድም ሰው ይቀበራል። ክፍል ውስጥ ስለ ጣሪያ ድጋፍ ሲነገር ከውጭ አገር ዋሻ ይልቅ ይሄ ምሳሌ ቢቀድም ባይ ነኝ።

ማዕድን መፍጨትና ማጣራት፣ ቅየሳ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የማዕድን ሕግ፣ ኮምፒውተር ላይ ጉድጓድ መንደፍ፣ እነዚህም አሉ። አካባቢ ጥበቃ ድሮ እንደ ማሟያ የሚታይ ኮርስ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በነዋሪዎች የብክለት ተቃውሞ ሲታገድ ግን ጎረቤት የሌለው ስሌት ሙሉ እንዳልሆነ ሁሉም አየ።

ኢንተርንሺፕ ሲደርስ ሁሉም ወርቅ ያስባል። የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ካባ ነው። ሙገር ሸለቆ ያለው ዓይነት ማለት ነው። ተማሪው ሄልሜቱን አድርጎ፣ ገልባጭ መኪና በስንት ደቂቃ ተጭኖ፣ ደርሶ፣ ተመልሶ እንደሚመጣ በስልኩ ሰዓት እየያዘ ይመዘግባል። አሰልቺ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ግን መኪኖቹ ክሬሸሩ ጋ ተሰልፈው እንደሚቆሙ፣ ኤክስካቫተሩም ያኔ ሥራ ፈትቶ እንደሚጠብቅ ያያል። አንድ መኪና ቢቀነስ ምርቱ እንደማይቀንስ ወረቀት ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ለፎርማኑ እንዴት እንደሚነግረው ያስባል። ሾፌሮቹ ምሳ የሚበሉት አብረውት ነው።