ዊዳል ፖዘቲቭ ማለት ታይፎይድ ማለት አይደለም፦ ስለ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች የሚነገሩ ስህተቶች

«ታይፎይድ በየሁለት ወሩ ይነሳብኛል» የሚል ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ የሚያወጣው ዊዳል የሚባለውን የታይፎይድ የደም ምርመራ ሦስት አራት ወረቀት ነው። አንዱ 1፡80 ይላል፣ ሌሎቹ 1፡160። በእያንዳንዱ ወረቀት ምክንያት አንድ ዙር አንቲባዮቲክ ተውጧል። ደሙ ካልቸር ተደርጎ ባክቴሪያው ሲበቅል የታየበት ጊዜ ግን አንድም የለም። ይህ ጽሑፍ በዋናነት በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት የታይፎይድ ባክቴሪያ ዘመዶች ብዙ ስለሆኑና በእነሱም ላይ የሚወራው ስህተት ስለማያልቅ፣ እግረ መንገዳችንን እነሱንም እንነካለን።

«ውጤቱ ግራም ኔጌቲቭ ስለሚል ነፃ ነኝ»

ነፃ አይደሉም፤ ባክቴሪያ ተገኝቷል ማለት ነው። ኔጌቲቭ የተባለው ምርመራው ሳይሆን ባክቴሪያው ለአንድ ቀለም ያለው ጠባይ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ዘዴ መሠረት ስላይድ ላይ የደረቀው ናሙና ለ1 ደቂቃ ክሪስታል ቫዮሌት፣ ለ1 ደቂቃ አዮዲን ይደረግበትና በአልኮል ይታጠባል። በኋላ የተጨመረው የመጨረሻ እርምጃ ሳፍራኒን የሚባለው ቀይ ቀለም ነው። ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ባክቴሪያዎች ወይን ጠጅ ቀለሙን ይዘው ይቀራሉ፤ ግራም ፖዘቲቭ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ስስ ግድግዳ ያላቸው አልኮሉ ሲያጥባቸው ይለቁትና በሳፍራኒኑ ሮዝ ሆነው ይታያሉ። የላቦራቶሪ ጀማሪ የሚሳሳተው አልኮሉ ላይ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ካበዛ ፖዘቲቩም ሮዝ ይሆንበታል።

«ግራም ኔጌቲቭ ሁሉ ከግራም ፖዘቲቭ የከፋ ነው»

የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ግራም ፖዘቲቭ ነው። ይህ ይበቃል።

«ዊዳል ፖዘቲቭ ከሆነ ታይፎይድ ነው»

ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል ምርመራውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ እስከ ዛሬ ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ አልወረደም። ጥፋቱ የምርመራው ሳይሆን ከአቅሙ በላይ እንዲመሰክር የሚያደርጉት ሰዎች ነው።

ዊዳል ባክቴሪያውን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት የታይፎይዱን ባክቴሪያ ሳልሞኔላ ታይፊን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። በስላይድ ዘዴ 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮ ሊትር ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በየክቡ ይጨመራል፤ እነዚህ በቅደም ተከተል 1፡20፣ 1፡40፣ 1፡80፣ 1፡160 እና 1፡320ን፣ ማለትም ሴረሙ ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ይወክላሉ። በእያንዳንዱ ላይ የሞተ ባክቴሪያ የያዘ ጠብታ ይደረግና ስላይዱ ለ1 ደቂቃ እየተወዛወዘ ይታያል። አንቲቦዲ ካለ ፈሳሹ አሸዋ መስሎ ይጓጉላል። የሰዓቱ ነገር ቀልድ አይደለም። ሠራተኛው ስላይዱን አስቀምጦ ሌላ ሥራ ጨርሶ ከተመለሰ ጠብታው ዳር ዳሩን ይደርቃል፤ የደረቀው ጠርዝ ደግሞ የተጓጎለ ይመስላል። ያም «ፖዘቲቭ» ተብሎ ይጻፋል።

በትክክል ቢሠራስ? አንቲቦዲው ከዚህ በፊት ከታመሙት ታይፎይድ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ኤች የሚባለው ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል። ከሌላ የሳልሞኔላ ዓይነት ወይም ከአንዳንድ የታይፎይድ ክትባት የመጣ ሊሆንም ይችላል። ወባም ውጤቱን ያዛባዋል። በሽታው በሚበዛበት አካባቢ ጤነኛ ሰው ላይ 1፡80 ወይም 1፡160 ማግኘት የሚያስገርም ነገር አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አንቲቦዲው ገና ስላልተሠራ እውነተኛው ታማሚ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይሸኛል።

ዊዳል ትርጉም የሚኖረው ሁለት ናሙና ሲወዳደር ነው፦ አንዱ ሕመሙ ሲጀምር፣ ሁለተኛው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ። ልዩነቱ አራት እጥፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320 ከወጣ፣ ያኔ ወሬ አለው። ከ1፡80 ወደ 1፡160 መውጣት ግን አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ያው ሴረም በሁለት ሰው እጅ ቢሠራም ሊፈጠር የሚችል ልዩነት ነው። መድኃኒት ጨርሶ «ድኛለሁ ወይ?» ብሎ ዊዳል ማሠራትማ ገንዘብ መጣል ነው። አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ስለሚቆይ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ሰውየው «አልዳንክም» ተብሎ ሁለተኛ ዙር ይጀምራል። «የሚመላለሰው ታይፎይድ» በአብዛኛው የሚወለደው እንዲህ ነው።

እርግጥ ታይፎይድ የሚያገረሽበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ከዳኑ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ እንደገና በእውነተኛ ትኩሳት ይመጣል። ባክቴሪያው በሐሞት ከረጢት ውስጥ ተደብቆ የሚቀርባቸው ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ግን በአብዛኛው አያተኩሳቸውም፣ ሌላውን ነው የሚያስታምሙት። በኒው ዮርክ ምግብ አብሳይ የነበረችው ሜሪ ማሎን ራሷ ጤነኛ ሆና ብዙ ሰው አስይዛለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ እስከሞተችበት 1938 ድረስ ተገልላ ኖራለች። በየወሩ የሚደክመውና ራሱን የሚያመው፣ ትኩሳት ግን የሌለው ሰው ከሁለቱም ወገን አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግለት።

ታይፎይድ ከተጠረጠረ የሚያስፈልገው የደም ካልቸር ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ደሙ የሚቀዳው የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ከመዋጡ በፊት ነው፤ «ለጊዜው ያስታግስልኝ» ተብሎ ቤት የተዋጠች አንድ ፍሬ ምርመራውን ልታከሽፈው ትችላለች። በታይፎይድ ታማሚ አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ የሚበልጥ ሕያው ባክቴሪያ አይገኝም። ስለዚህ ከአዋቂ ሰው 2 ሚሊ ሊትር ቀድቶ መላክ መርፌ በከንቱ መውጋት ነው፤ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ቢቻል ሁለት ጠርሙስ ይቀዳል። ቆዳው ተጠርጎ መድኃኒቱ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከደረቀ በኋላ በጣት ደም ሥር መዳበስ ከዜሮ መጀመር ነው። የጠርሙሱ ክዳንም በአልኮል ይጠረጋል። ደም ያለበት ጠርሙስ ፍሪጅ አይገባም። ታይፎይድ ካለ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ይበቅላል። ይህም ሆኖ የደም ካልቸር የሚይዘው ከአሥር እውነተኛ ታማሚዎች ስድስት ያህሉን ነው፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ከሆነ ሐኪሙ ሰውየውን ማየት አለበት እንጂ ወረቀቱን ብቻ አይደለም።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም አንድ የተለመደ ጥድፊያ አለ። ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶም ትኩሳቱ ለመውረድ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መቀየር ስህተት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ጥቁር ሰገራ ከመጣ ግን አንጀት ተበስቶ ወይም ደምቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይታደርም።

«ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ያዙኝ»

ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ታይፎይድ በሰገራ ከተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል፤ ወረርሽኝ የሚያስነሳውን ታይፈስ የሚያስተላልፈው ቅማል ነው። አንድ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው በወረቀት ላይ ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፊሊክስ የተባለው ምርመራ የሚጠቀመው የታይፈሱን ባክቴሪያ ሳይሆን ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ግራም ኔጌቲቭ ነው፤ የአንቲቦዲ መመሳሰልን ተጠቅሞ። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት አንዱ ነው። ያ ኢንፌክሽን የነበረበት ሰው «ታይፈስ» ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ለሕክምናም ወሳኝ ነው፦ ታይፎይድን የሚያድነው ሴፍትራያክሶን ታይፈስን አይነካውም፤ ለታይፈስ ዶክሲሳይክሊን ነው።

«የጨጓራ ባክቴሪያዬ አልጠፋም፣ ደሜ አሁንም ፖዘቲቭ ነው»

ያው የአንቲቦዲ ጣጣ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከጠፋ በኋላ የደም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። መዳን የሚረጋገጠው በሰገራ አንቲጂን (የባክቴሪያው የራሱ ቁራጭ) ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከቆሙ 2 ሳምንት ሲሞላቸው። ከዚያ በፊት ከተሠራ ባክቴሪያው ተዳክሞ እያለ «የለም» ሊል ይችላል። (ይህ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ አዳጊ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኙት የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህኖቹ ለፋሲካ በዓል ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ስለቆዩ ነው፤ በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት።)

«ሰገራዬ ውስጥ ኢ ኮላይ ተገኘ»

ባይገኝ ነበር የሚያስደነግጠው። አደገኞቹ የተወሰኑ ዓይነቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለው ኦ104 በአብሽ ቡቃያ የመጣ ነበር። ኦ157 የተባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ በእሱ ላይ አንቲባዮቲክ መስጠት የኩላሊት ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይመከርም። ደም ላለው ተቅማጥ፣ ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራማይድም አይዋጥም።

«ሽንቴ ላይ ባክቴሪያ ስላለ መታከም አለብኝ»

የማያቃጥለው፣ ቶሎ ቶሎ የማያሸናው፣ የማያተኩሰው ሰው በአብዛኛው መታከም የለበትም። ዋናዎቹ ልዩ ሁኔታዎች ነፍሰ ጡር ሴትና የሽንት ቧንቧን የሚያደማ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ናቸው። ደግሞም ባክቴሪያው ከፊኛ ሳይሆን ከዕቃው የመጣ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሽንት ወደ መጸዳጃ ይለቀቅ፣ መሐሉ በንጹሕ ዕቃ ይያዝ፣ ክዳኑን ከውስጥ በኩል ጣት አይንካው። ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ ካልሆነ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ይቀመጥ። ኢ ኮላይ በተመቸው ሙቀት በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። በ2 ሰዓት ስድስት ጊዜ ይራባል፣ 64 እጥፍ ማለት ነው። ጠዋት ተይዞ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሽንት የሚነግረን ስለ ዕቃው ሙቀት እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም።

«ኮሌራን የሚያድነው አንቲባዮቲክ ነው»

የሚያድነው ፈሳሽ ነው። የጠናበት ታማሚ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል፤ የሚገድለውም ይኸው ነው። የተዘጋጀው ኦ አር ኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ማብዛት ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ማንኪያው አይከመር። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያሉ መቀጠል እንጂ ማቋረጥ የለም። አንቲባዮቲኩ ጊዜውን ያሳጥራል፣ ፈሳሹን አይተካም።

«ባክቴሪያው ከተገደለ መርዙም አብሮ አለቀ»

የግራም ኔጌቲቭ ውጫዊ ሽፋን ራሱ ኢንዶቶክሲን የሚባለውን መርዝ ተሸክሟል፤ ባክቴሪያው ሲሞት ይፈታል እንጂ አይጠፋም። በ121 ዲግሪ የእንፋሎት መቀቀያ ውስጥ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ኢንዶቶክሲኑ ግን ይተርፋል። የብርጭቆ ዕቃን ከእሱ ለማጽዳት በደረቅ ሙቀት 250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያስፈልጋል። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ «ተቀቅሏል» መባሉ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የተረፈው ኢንዶቶክሲን ያንቀጠቅጣል፣ የደም ግፊትም ይጥላል።

«ትልቁን መድኃኒት ስጡኝ፣ ሁሉንም ይገድላል»

ቫንኮማይሲን ከትልቆቹ አንዱ ነው፤ ኢ ኮላይ ላይ ግን አይሠራም። ሞለኪዩሉ ግዙፍ ስለሆነ ያ ውጫዊ ሽፋን አያሳልፈውም።

«ጨብጥ በአንድ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይለቃል»

ድሮ። አሁን ባክቴሪያው ተላምዶታል፤ የሚሰጠው የሴፍትራያክሶን መርፌ ነው፤ የትዳር ወይም የወሲብ ጓደኛም አብሮ ይታከማል፣ ሴቶች ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳዩምና።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው»

የለመደው ባክቴሪያው ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱን በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም የተላመደውን ባክቴሪያ ከሌላ ሰው ሊወስድ ይችላል። ግራም ኔጌቲቮች ደግሞ የመላመጃውን ጂን ፕላዝሚድ በሚባል ቀለበት ጠቅልለው ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ፤ ክሌብሲየላ የተባለው ሌላ ግራም ኔጌቲቭ ለኢ ኮላይ ሊሰጥ ይችላል። ኮሊስቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ለዓመታት ገሸሽ ተደርጎ የቆየ፣ ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚወጣ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ውስጥ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ፣ እንዲሁ በፕላዝሚድ የሚተላለፍ ጂን መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ በአሳማዎችም፣ በሥጋም፣ በሰዎችም ላይ።