የጀልባ ሞተር ዘይት መለኪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጎርጎራ የሚደርስ መካኒክ ብዙውን ጊዜ ሙያውን የተማረው በመኪና ላይ ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ፒስተኑም፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ ማለትም ኮሎውም ያው ነው። ይሁን እንጂ መኪና ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ይለካል፣ ጀልባ ግን ደልዳላ ቦታ አያገኝም። ስለ ዘይትና ስለ ማቀዝቀዣ ውሃ ልኬት በጣና ዳርቻ የሚደመጡት አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የሚመነጩ ናቸው።

«መለኪያው ሞልቷል ካለ ሞልቷል»

ከስህተቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው። ዲፕስቲክ የምንለው መለኪያ ዘንግ የዘይቱን ብዛት አያውቅም፤ የሚያሳየው እርሱ በገባበት ቦታ ላይ ዘይቱ የደረሰበትን ከፍታ ብቻ ነው። በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚተከል የናፍጣ ሞተር ፕሮፔለሩ ወዳለበት ወደ ኋላ አዘንብሎ ስለሚቀመጥ፣ በኮፓው፣ ማለትም በሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ኋላ ይከማቻል። በዚህ ምክንያት ከሞተሩ የፊት ጫፍ በኩል የሚገባ መለኪያ በቂ ዘይት እያለ «ጎድሏል» ይላል፤ ከኋላ በኩል የሚገባው ደግሞ ዘይቱ ጎድሎ ሳለ «ሞልቷል» ይላል። ከጭነት መኪና ወጥቶ ጀልባ ላይ የተገጠመ ሞተር መለኪያውን ይዞ ሲመጣ፣ በመለኪያው ላይ ያሉት ሁለት ጭረቶች የተበጁት ለመኪናው አቀማመጥ እንደሆነ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት በገዛ ስህተቴ ነው። አፍንጫዋን ከፍ አድርገን ወደ ዳርቻው ስበን ደለሉ ላይ ያሳረፍናትን ጀልባ ስለካ ዘይቱ ከታችኛው ጭረት በታች ስለነበር፣ ሳላመነታ ሊትር ተኩል ጨመርኩ። ጀልባዋ ወደ ውሃው ገብታ አንድ ሰዓት ሳትጓዝ የዘይት ግፊት ጠቋሚው መወዛወዝ ጀመረ። ሞተሩን አጥፍቼ መለኪያውን ብስበው በላዩ ላይ የነበረው ዘይት ሳይሆን ጥቃቅን አረፋ ነበር፤ ኮሎው ከመጠን በላይ ከፍ ባለው ዘይት ውስጥ እየተነከረ እንደ ቅል ወተት ሲንጠው ኖሯል።

ስለዚህ «ትርፍ ዘይት አይጎዳም፣ የሚጎዳው ጉድለት ነው» የሚለው አባባልም አብሮ ይወድቃል። አየር የተቀላቀለበትን ዘይት ፖምፓው እንደሚገባው ሊገፋው ስለማይችል ግፊቱ ይወርዳል፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎችም ማፍሰስ ይጀምራሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ ከዚህ የከፋም አለ፤ ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ከተሳበ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ እያነደደ፣ ናፍጣው ቢዘጋበት እንኳ ሊቆም በማይችልበት ፍጥነት ይጋልባል።

መፍትሔው መለኪያውን ለዚያች ጀልባ እንደገና ማበጀት ነው። ጀልባዋ በተለመደው ጭነቷ ውሃ ላይ ተንሳፋ እያለች፣ ሞተሩን አሙቆ አሮጌውን ዘይት በመሳቢያ ሙልጭ አድርጎ ማውጣትና ፊልትሮውን መቀየር ያስፈልጋል። ለምሳሌ የሞተሩ መመሪያ ፊልትሮውን ጨምሮ 6.5 ሊትር የሚል ከሆነና በሁለቱ ጭረቶች መካከል ያለው 1 ሊትር ከሆነ፣ መጀመሪያ 5.5 ሊትር ብቻ ይጨመራል፤ ፊልትሮው እንዲሞላ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይነሣል፣ ጠፍቶም አሥር ደቂቃ ያህል ከጠበቁ በኋላ ዘይቱ የደረሰበት ቦታ የታችኛው ጭረት ይሆናል። ቀሪው 1 ሊትር ሲጨመር የላይኛው ይገኛል። ጭረቱን በቀጭን ሞረድ በስሱ መሳል ይበቃል፣ ጠልቆ የተቆረጠ መለኪያ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይሰበራልና። የድሮዎቹንም ጭረቶች ሞርዶ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ አለዚያ ነገ የሚመጣው መካኒክ በእነርሱ ይለካል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሞተሩ ያዘነበለበት ማዕዘን አምራቹ ከፈቀደው ካላለፈ ነው። ካለፈ የፖምፓው መሳቢያ ራሱ ከዘይቱ ውጭ ሊቀር ስለሚችል በመለኪያ የሚድን ነገር የለም።

የተሰበረን መለኪያ በሌላ ስለ መተካት ደግሞ «ርዝመቱ ከተስተካከለ ይሆናል» ይባላል። መለካት ያለበት ጠቅላላ ርዝመቱ ሳይሆን ከማረፊያ አንገቱ እስከ ጭረቶቹ ያለው ርቀት ነው። በብየዳ የተቀጠለ መለኪያ በዚህ ርቀት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካጠረ፣ በየጊዜው ዘይት እንዲጨመር ያስገድዳል፤ ከረዘመ ደግሞ ጉድለትን ይሸፍናል። የፕላስቲክ እጀታው ሲሰበር የመብራት ሽቦ ጠምዝዞ ቀዳዳው ላይ መሸጎጥም የተለመደ ነው። ሽቦው ለመሳብ ያገለግል ይሆናል፣ ቀዳዳውን ግን አይዘጋም። በጀልባ ሆድ ውስጥ ደግሞ የሚረጭ ውሃ ሞልቷል። መለኪያው የሚገባበት ቱቦ ራሱ ዝጎ ከተበሳም ያው ውሃ ወደ ኮፓው መንገድ ያገኛል፤ መለኪያ ሲጠገን ቱቦውን ከሥር እስከ አናቱ በእጅ ዳስሶ ማየት የሚገባው ለዚህ ነው።

«ዘይቱ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨምሯል»

ይህን በኩራት የሚናገር ባለጀልባ ገጥሞኛል። ሰው ሳይጨምርበት ከፍ የሚል ዘይት ግን የሌላ ፈሳሽ ማደሪያ ሆኗል ማለት ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና የቀጠነ ከሆነ፣ በተለይ ከጀልባው ጀርባ በሚሰቀለው በባለአራት ምት የውጭ ሞተር ላይ፣ መረብ እየጣሉ በዝግታ ብቻ በመሄድ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ነዳጅ ወደ ታች ወርዶበት ሊሆን ይችላል። ነጣ ብሎ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ የራስ ጓርኒሲዮኑ፣ መመርመር አለበት። በአንጻሩ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን መጥቆሩ ብዙዎችን ቢያስደነግጥም ጥላሸቱን የመያዝ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል እንጂ ብልሽት አይደለም።

በጀርባ የሚሰቀሉትን የውጭ ሞተሮች በተመለከተ፣ ባለሁለት ምቱ በመለኪያ የሚታይ የኮፓ ዘይት ጨርሶ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፣ ለብዙዎቹም ልኩ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ነው። ባለአራት ምቱ መለኪያ አለው፤ ነገር ግን ወደ ላይ ተነሥቶ ያደረ ሞተር ቀጥ ብሎ ወርዶ ዘይቱ እስኪረጋ ካልተጠበቀ የሚገኘው ንባብ ዋጋ የለውም።

«ጣና ጨው ስለሌለው ማቀዝቀዣው አያሳስብም»

ጨው የለውም፣ ደለልና እምቦጭ ግን አሉት። በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ የክረምቱ ደለል ደግሞ የውሃ ፖምፓውን የጎማ ክንፎች ይበላል። የራሱ ውሃ በውስጡ የሚዞርበት ዝግ ማቀዝቀዣ ላለው ሞተር ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት የሚይዘው ክዳን የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ የሚያደርገው እንደመሆኑ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተደፈነ ሞተር ውሃው በልኩ ቢሆንም እንኳ ቶሎ ይፈላል። ትኩሱን ክዳን መክፈት ምን እንደሚያስከትል መንገር አያስፈልግም።

የውጭ ሞተር የታችኛው የማርሽ ቤት ዘይትም «የተዘጋ ስለሆነ አይታይም» ተብሎ ይረሳል። እዚያ መለኪያ ዘንግ የለም፤ መለኪያው የላይኛው ብሎን ቀዳዳ ነው፣ ብሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ከአፉ ላይ ደርሶ መታየት አለበት። ነጥቶ ከተገኘ ፕሮፔለሩን ፈትቶ ከኋላው መመልከት ይገባል፤ ከዓሣ መረብ የተበጠሰ የናይሎን ክር የፕሮፔለሩ ዘንግ (አክሱ) ላይ ተጠምጥሞ፣ በሙቀት ጠጥሮ እንደ ቀለበት ሆኖ፣ የዘይት ማገጃውን ጎማ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ክሩ በቢላ ጫፍ ተነቅሎ ጎማው ከተቀየረ በኋላ፣ አዲሱ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ እየተገፋ በላይኛው እስኪወጣ ድረስ ይሞላል፤ ከዚያም መጀመሪያ የላይኛው ብሎን፣ ቀጥሎ የታችኛው ይታሰራል።